ስለ ወንጪ ሐይቅ የዙሪያ መንገድ

በኦሮሚያ ክልል በደቡብ ምዕራብ ሸዋ፣ በአምቦና በወሊሶ ከተሞች መካከል ወንጪ የተባለ ተራራ ይገኛል። ከሩቅ ለሚመለከተው ሰው እንደ ሌሎቹ የሸዋ ተራሮች ይመስላል፤ ከጫፉ የደረሰ ግን ተራራው ውስጡ ባዶ መሆኑንና በሥሩ ሐይቅ መተኛቱን ያያል። ምክንያቱም ወንጪ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ስለ ነበረ ነው። የቀለጠው ዐለት ተፍቶ ከወጣ በኋላ የተራራው አናት ወደ ውስጥ ሰምጦ ሰፊ ገንዳ ሠራ፤ በገንዳውም የዝናብና የምንጭ ውሃ ተጠራቀመበት። የገንዳው ከንፈር ከፍተኛው ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ 3,386 ሜትር ሲሆን፣ ሐይቁ ከዚያ በ500 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል።

የስፍራው አቀማመጥ ሌላም ቁም ነገር ያስተምራል። ከወንጪ በስተ ምሥራቅ ደንዲ የተባለ፣ እንደዚሁ ሐይቅ ያቀፈ ጎረቤት ተራራ አለ። የደንዲ ውሃ በሁሉቃና በጉደር ወንዞች ወደ ዓባይ ወርዶ እስከ ካርቱም ይጓዛል፤ የወንጪ ውሃ ግን በዋልጋ ወንዝ ወደ ጊቤ፣ ከዚያም በኦሞ በኩል ወደ ቱርካና ሐይቅ ይሄዳል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ሐይቆች ውሃቸውን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ተካፍለው ይሰዳሉ ማለት ነው።

መንገዱ የሚጀምረው ከገንዳው ከንፈር ነው። ከላይ አስታና ጥድ ይታያሉ፤ ዝቅ ሲባል የገብስ፣ የድንችና የእንሰት ማሳ ከየቤቱ ጓሮ ጋር ተያይዞ ይቀጥላል፤ ጉሬዛም ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ይታያል። ከሐይቁ ዳር ሲደረስ መንገደኛው በታንኳ ተሻግሮ በደሴቲቱ ላይ ያለውን የቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። ከዚያም በማዶው ዳር ወርዶ፣ ፍል ውሃና የውሃ ወፍጮ ወዳለበት ሸለቆ ይዘልቃል፤ በመጨረሻም በሌላው አቀበት ወደ ከንፈሩ ይመለሳል። ጉዞው ለጤነኛ ሰው መካከለኛ ድካም ያለው ሲሆን፣ ግማሽ ቀን ያህል ይወስዳል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሲሶ ያህል ስለሚያንስ፣ ደጋ ያልለመደ ሰው አቀበቱን በዝግታ መውጣት ይገባዋል። የዝናቡ ወራት ካለፈ በኋላ መሄድ ይመረጣል፤ በክረምት ጭቃው ያንሸራትታልና። ወፍራም ልብስና ጥሩ ጫማ መያዝም ያሻል።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ «በወረዱበት መንገድ መመለስ እያለ ዞሮ መምጣት ለምን አስፈለገ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሰውና ፈረስ በአንድ ቁልቁለት ብቻ ሲመላለሱ መሬቱ ይላላል፤ ዝናብ ሲመጣ ዱካው ቦረቦር ይሆናል፤ የታጠበውም አፈር ከማሳው ተወስዶ ሐይቁ ውስጥ ይከማቻል። ሁለተኛ፣ የእንግዳው ገንዘብ የሚደርሰው እግሩ ከደረሰበት ቤት ነው። ከከንፈሩ ላይ ቆሞ ሐይቁን አይቶ የሚመለስ ጎብኚ ለታንኳ ቀዛፊው፣ ለፈረሱ ባለቤትና በማዶ ላለችው ማር ሻጭ ምንም አይተውላቸውም። የአገሩ ሰዎች ይህን ቀድመው ተረድተው፣ በማኅበር ተደራጅተው የመንገድ መሪነቱን፣ ፈረሱንና ታንኳውን በተራ የማድረስ ልማድ አቋቁመው ነበር፤ ተራ ባለበት ሥራ ሽሚያ ይቀንሳልና።

ወንጪ በ2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመረጠ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ ሰየመው። ይህ ታላቅ ክብር ነው፤ ነገር ግን መንገድ በተሻሻለ መጠን ከመኪና ሳይርቅ አይቶ የሚመለሰው ሰው ሊበዛ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ስለዚህ በየወረዳው ተራራና ሐይቅ ያላቸው ሹማምንት ከዚህ ምሳሌ ሊወስዱ ይችላሉ። የዙሪያ መንገድ ለማቋቋም ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ አቅጣጫ የሚያሳይ ድንጋይ ማቆም፣ በቁልቁለቱ ላይ ውሃ የሚያስወጣ ቦይ መቆፈር፣ በየመንደሩም የተራውን ደንብ በሽማግሌዎች ፊት መወሰን ለመጀመሪያው ይበቃል። የከተማው ነዋሪም በበኩሉ በዕረፍት ቀኑ ሲሄድ ከማሳ ገብቶ አቋራጭ አይፈልግ፤ ቆሻሻውን ይዞ ይመለስ፤ የመሪውንም ዋጋ አስቀድሞ ተስማምቶ ሳያጓድል ይክፈል። ተራራው የሚጠበቀው በሥሩ የሚኖረው ገበሬ ከመጠበቁ ጥቅም ሲያገኝ ነው።