ቦርጭና ቃር፦ ከኦሜፕራዞሉ በፊት ቀበቶውን እንይ

«ጨጓራዬ ተነሳብኝ!» ከነቀምቴ እስከ ጊምቢ፣ ከሻምቡ እስከ ደምቢ ዶሎ ይህን ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ ፋርማሲ ጎራ ብሎ ኦሜፕራዞል መግዛት። ለጊዜው እፎይ ይባላል። መድኃኒቱ ሲያልቅ ግን ያው ነው።

ጨጓራ የምንለው ሁሉ አንድ አይደለም። እምብርት በላይ የሚቆረቁር ሕመም በኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ ሊመጣ ይችላል፤ ለእሱ ምርመራም መድኃኒትም አለው። ከደረት አጥንት ጀርባ ሽቅብ የሚያቃጥል፣ አፍ ድረስ የሚኮመጥጥ ከሆነ ግን ቃር ነው። ቃርን ከሚያባብሱት ውስጥ ብዙዎቻችን የማንጠረጥረው አንድ ነገር አለ፤ ቦርጭ።

እንዴት? የምግብ ቧንቧና ጨጓራ በሚገናኙበት ቦታ ቀለበት የሚመስል ጡንቻ አለ። ምግብ ሲያልፍ ይከፈታል፣ ከዚያ ይዘጋል። ሆድ ውስጥ ስብ ሲከማች ጨጓራን ይጫናል፤ አሲዱም በዚያው በር ወደ ላይ ይገፋል። ጨጓራ አሲድ የሚችል ሽፋን አለው፤ ቧንቧው ግን ያን ያህል አይችልም፣ ይቆስላል። በዚህ ላይ በአንጀት ዙሪያ ያለው ስብ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የሰውነት መቆጣትን የሚያባብሱ ኬሚካሎች ይለቃል።

ቁስሉ ለዓመታት ሲመላለስ የቧንቧው ሽፋን ሊለወጥ ይችላል። ሐኪሞች ይህን ባሬት ይሉታል። ጥቂቶች ላይ ወደ ካንሰር ይሄዳል።

«እኔ እኮ ወፍራም አይደለሁም» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ ከ10 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ሴቶች የተካተቱበት ጥናት ክብደታቸው ጤናማ የሚባሉት ሴቶች እንኳ ኪሎ ሲጨምሩ ቃሩ እንደሚበዛ አሳይቷል። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ሆዱ የወጣ ሰውም አያመልጥም። ስለዚህ ከሚዛን ይልቅ ሜትር ያዙ። የዓለም ጤና ድርጅት ወገብ ለወንድ ከ94፣ ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ ለልብና ለስኳር በሽታም ያሰጋል ይላል።

የወለጋን ጩምቦና ቡና ተዉ የሚላችሁ የለም። ነገሩ መጠኑና ሰዓቱ ላይ ነው። ቅቤ የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም። ማታ 3 ሰዓት ጠግቦ በልቶ ወዲያው ጋደም እያሉ ቲክቶክ ማየት ለአሲዱ መንገድ መክፈት ነው።

ምን ይደረግ?

• እራት ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት ይሁን፤ መጠኑም ይቀነስ።
• ትራስ ከመደራረብ የአልጋውን የራስጌ እግሮች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር በእንጨት ከፍ አድርጉ። በግራ ጎን መተኛትም ይረዳል።
• ቀበቶ አታጥብቁ።
• ሲት አፕ ብቻውን ቦርጭ አያጠፋም፤ እንደበሉ ከተሠራ ደግሞ ቃሩን ያብሳል። አጭር መንገድ ሲሆን ባጃጁን ትታችሁ በእግር ሂዱ።

ኦሜፕራዞል አሲዱን ይቀንሳል እንጂ ከሆድ የሚመጣውን ጫና አያነሳም። ሐኪም ያዘዘላችሁ ከሆነ ግን በራሳችሁ አታቋርጡ።

ምግብ አልዋጥ ካለ፣ ደም ካስታወከ፣ ሰገራ እንደ ከሰል ከጠቆረ ወይም ሳታስቡት ከከሳችሁ ፋርማሲ ሳይሆን ሆስፒታል ሂዱ፤ ኢንዶስኮፒ ሊያስፈልግ ይችላል። ደረት ጨምድዶ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ከመጣ ደግሞ ልብ ሊሆን ስለሚችል «ቃር ነው» ብላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ።