«ምግብ አልጣፍጥ አለኝ»፦ ጣዕም ለምን ይጠፋል? እንዴትስ ይመረመራል?



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ከጉንፋን በኋላ ምግብ አልጣፍጥ አለኝ። ለምላስ የሚሆን ቫይታሚን ካለ ቢነግሩኝ?» እዚህ ሮቤም ከከተማውም ከሲናና ገጠር ቀበሌዎችም የሚመጡ ታካሚዎች ያንኑ ነገር በሌላ ቃል ይነግሩኛል። «ወጡ አፈር አፈር ይለኛል»፣ «አፌ ሬት ሬት አለኝ»፣ «ልጄ፣ ጨው ብጨምርም ብጨምርም አልጥም አለኝ»። ብዙዎቹ ገና ሳይቀመጡ ምላሳቸውን አውጥተው ያሳዩኛል። እኔ ደግሞ ምላሱን ከማየቴ በፊት ስለ አፍንጫቸው እጠይቃለሁ። አንዳንዱ «ያልኩትን አልሰማም እንዴ?» በሚል ዓይን ያየኛል። ለምን እንደምጠይቅ ዛሬ ላስረዳችሁ።

ምላስ ብቻውን የሚያውቀው ትንሽ ነው

ምላሳችን በራሱ የሚለየው አምስት ነገር ነው፤ ጣፋጭ፣ ጨዋማ፣ ጎምዛዛ፣ መራራ፣ እና ኡማሚ የሚባለው፣ የሥጋ መረቅ ላይ የምናገኘው ዓይነት ጣዕም። በቃ! ኮረሪማውን ከጥቁር አዝሙዱ፣ የተነጠረውን ቅቤ ከለጋው፣ የሐረና ጫካ ቡናን ከሌላው ቡና የምንለይበት ነገር በአብዛኛው የአፍንጫ ሥራ ነው። ምግብ ስናኝክ ሽታው በጉሮሯችን በኩል ከኋላ ወደ አፍንጫ ይወጣል። አእምሯችን ከምላስ የመጣውንና ከአፍንጫ የመጣውን አዋህዶ «ጣዕም» ብሎ ይነግረናል። ስለዚህ አፍንጫ ሲዘጋ ወይም የሽታ ነርቭ ሲጎዳ ሰው የሚሰማው «ሽታ ጠፋብኝ» ሳይሆን «ምላሴ ሞተ» ነው።

ካላመናችሁኝ አሁኑኑ ሞክሩት። አፍንጫችሁን በጣታችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ያዙና ትንሽ ማር ቅመሱ። ጣፋጭ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ስኳር ይሁን ማር ግን መለየት ይከብዳችኋል። ከዚያ ሳትውጡት አፍንጫችሁን ልቀቁት። ማርነቱ ያኔ ነው የሚመጣው።

ጣዕም ጠፋብኝ ብለው ከሚመጡ ሰዎች አብዛኞቹ ሲመረመሩ የጠፋባቸው ሽታ ሆኖ ይገኛል። አምስቱንም ጣዕም ጨርሶ ያጣ ሰው በጣም ጥቂት ነው።

ሌላ የሚገርም ነገር ልጨምርላችሁ። ሚጥሚጣ ማቃጠሉ ጣዕም አይደለም፤ ሕመምና ሙቀት የሚያስተላልፍ ሌላ የፊት ነርቭ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ታካሚ «በርበሬው ያቃጥለኛል፣ ወጡ ግን አይጣፍጠኝም፤ ጨውና ስኳር ግን እለያለሁ» ካለኝ ግማሹን ምርመራ ጨረሰልኝ ማለት ነው። ምላሱ ደህና ነው፣ ወደ አፍንጫ እንሂድ። (በነገራችን ላይ ትምህርት ቤት የተማርነው «የምላስ ጫፍ ለጣፋጭ፣ ኋላው ለመራራ» የሚለው ካርታ ስህተት ነው። አንድ ጀርመናዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1901 የጻፈው ጽሑፍ በኋላ በተሳሳተ መንገድ ስለተወሰደ የመጣ ነው። ጣዕም የሚቀበለው የምላስ ክፍል ሁሉ አምስቱንም ይለያል።)

አፍንጫውን ማን ዘጋው?

ቀዳሚው ጉንፋንና የሳይነስ ሕመም ነው። ቀጥሎ አለርጂ። እኛ አካባቢ ስንዴና ገብስ በኮምባይነር በሚታጨድበት ወቅት አቧራውና እብቁ ስንቱን ሰው እንደሚያስነጥስ የባሌ ልጆች ታውቁታላችሁ። በአፍንጫ ውስጥ የሚበቅል ፖሊፕ የሚባል ሥጋ መሰል እብጠትም አለ። አንድ ደግሞ በራሳችን እጅ የምናመጣው አለ፦ አፍንጫ የሚከፍቱ ጠብታዎችን ከፋርማሲ እየገዙ ለሳምንታት መጠቀም። ከጥቂት ቀናት በላይ ከተወሰዱ አፍንጫውን መልሰው ይበልጥ ይዘጉታል።

ኮቪድ ግን ትንሽ ለየት ይላል። ሀገራችን የመጀመሪያውን የኮቪድ ታማሚ ያስታወቀችው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ያኔ ሁላችንም በቃላችን የያዝናቸው ምልክቶች ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ነበሩ። እንግሊዝ ሽታና ጣዕም ማጣትን በይፋ በምልክትነት የመዘገበችው እንኳን ከሁለት ወር በኋላ፣ ግንቦት 10 ነው። ቫይረሱ አፍንጫው ሳይዘጋ፣ ንፍጥም ሳይኖር፣ ሽታን ድንገት ያጠፋል። በዋናነት የሚያጠቃው የሽታ ነርቮቹን ራሳቸውን ሳይሆን ዙሪያቸውን ከበው የሚደግፏቸውን ሕዋሳት ነው፤ አብዛኛው ሰው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ የሚያገግመውም ለዚህ ነው። አንዳንዱ ከዓመት በላይ ይፈጅበታል።

የጭንቅላት አደጋም አለ። የሽታ ነርቮች እንደ ክር ቀጫጭን ሆነው የራስ ቅል አጥንትን በስተው ነው የሚያልፉት። ከፈረስ፣ ከባጃጅ ወይም ከሞተር ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ቁስሉ ከዳነ በኋላ «ምግብ አልጥም አለኝ» ቢል አትናቁት። ክሮቹ ተበጥሰው ሊሆን ይችላል።

መድኃኒቱ ራሱ ሲሆን

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የሚያሳስበኝ ክፍል ስለሆነ ነው።

አንድ ሰው አፉን ይመረዋል፣ ምግብ ይዘጋዋል። ሰፈር ውስጥ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ይባላል። ይሄድና የዊዳል የደም ምርመራ ይሠራል፣ «ተገኘብህ» ይባላል፣ አንቲባዮቲክ ይጀምራል። አንድ የዊዳል ውጤት ብቻውን ታይፎይድ መኖሩን አያረጋግጥም። ድሮ የታመመ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ላይም «አለ» ሊል ይችላል። ትኩሳት የሌለው፣ አፉን ብቻ የመረረው ሰው በዚህ ምክንያት አንቲባዮቲክ መውሰድ የለበትም። ይባስ ብሎ ከአንቲባዮቲኮቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው አፍ ያመራሉ። ሜትሮኒዳዞል፣ ብዙዎቻችሁ ፍላጅል የምትሉት፣ አፍን ብረት ብረት ያሰኛል። ለጨጓራ ባክቴሪያ ከምናዝዛቸው ሦስት መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ክላሪትሮማይሲንም አፍን በጣም ያመራል። ሰውየው «አልዳንኩም» ብሎ ሌላ አንቲባዮቲክ ይጨምራል፤ ምሬቱ ይቀጥላል።

ለስኳር የሚወሰደው ሜትፎርሚን፣ ለደም ግፊት የሚሰጡት ካፕቶፕሪልና ኢናላፕሪል፣ አንዳንድ የእንቅርት መድኃኒቶችም ጣዕም ሊቀይሩ ይችላሉ። እባካችሁ ይህን አንብባችሁ የግፊትም የስኳርም መድኃኒታችሁን እንዳታቆሙ! ለሐኪማችሁ ንገሩት፤ ብዙ ጊዜ መቀየር ይቻላል። የጨጓራ ባክቴሪያ ሕክምና የጀመረም ምሬቱን ታግሶ ይጨርሰው፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ምሬቱም ይለቃል።

አፍ፣ ነርቭ እና የቀረው ሰውነት

እውነትም ምላሱ የታመመበት ሰው አለ። በአፍ ውስጥ ነጭ ሽፋን የሚያወጣ ፈንገስ አንዱ ነው። ይህ የስኳር ሕመምተኛ፣ ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ወይም አንቲባዮቲክ ብዙ የወሰደ ሰው ላይ ይበዛል። የአፍ መድረቅ፣ የድድ ሕመም፣ ሲጋራ፣ ሺሻና ጫትም ጣዕምን ያደበዝዛሉ። በትኩስ ቡና የተቃጠለ ምላስ ግን አያስጨንቃችሁ፤ ጣዕም የሚቀበሉት ሕዋሳት በየ10 ቀኑ ገደማ ይታደሳሉ።

ምላሱ ለስላሳና ቀይ ሆኖ የሚያቃጥል፣ እግርንም የሚያደነዝዝ ከሆነ የቫይታሚን ቢ-12 እጥረትን እጠረጥራለሁ። «ጾም ነው ያመጣብኝ?» የሚሉ አሉ። ሰውነታችን ቢ-12ን ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች፣ ሲፈታ ወተትና ሥጋ የሚያገኝ ጿሚ በጾሙ ብቻ በቀላሉ አይጎዳም። ፍስክም ሆነ ጾም የእንስሳት ተዋጽኦ የማያገኝ፣ በዕድሜ የገፋ፣ ወይም ሜትፎርሚንና የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ለዓመታት የወሰደ ሰው ግን መመርመር አለበት። የዚንክ እጥረትም ጣዕም ይቀንሳል። እጥረት የሌለበት ሰው ዚንክ ቢውጥ ግን ያን ያህል አይጠቅመውም፤ ሲበዛ እንዲያውም የመዳብ እጥረት ያመጣል።

የነርቭ ጉዳይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው በአንድ ጎን ነው። ከምላሳችን የፊተኛ ሁለት ሦስተኛ ጣዕም የሚያመጣው ቀጭን ነርቭ በጆሯችን ውስጥ፣ ከታምቡሩ ጀርባ ነው የሚያልፈው። ለዓመታት መግል የሚያፈስ ጆሮ በዚያው ጎን የምላስን ጣዕም ሊያጠፋ የሚችለው ለዚህ ነው። ያው ነርቭ ወደ ፊት ከሚሄደው ነርቭ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ብዙ ሰው «ንፋስ መታኝ» የሚለው የፊት መጣመም ሲመጣም ጣዕም ይቀንሳል። ይህ ከሆነ ቤት ቁጭ ብላችሁ አታሹት። የስቴሮይድ ሕክምናው ጥሩ የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።

የስኳር ሕመም፣ የኩላሊት ድክመት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ማነስም አሉ። እርግዝናም አፍን ይቀይራል፤ እሱ እንኳን በሽታ አይደለም። በዕድሜ የሽታ አቅም መቀነሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አባባ ድንገት ምግብ ሲዘጋቸው «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት።

ሐኪም ቤት ስትመጡ ምን ይደረጋል?

«ጣዕም የሚለካ ማሽን አላችሁ?» ብሎ የጠየቀኝ አለ። የለንም፤ ብዙ ጊዜም አያስፈልገንም። ዋናው ምርመራ ወሬው ነው። ድንገት ነው ወይስ ቀስ እያለ? ከጉንፋን በኋላ? ከአደጋ በኋላ? አዲስ መድኃኒት ጀምረሃል? ጠፋ ወይስ ተቀየረ? መጥፋትና መቀየር ለኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አፉ ሁልጊዜ የሚመረውን ሰው መጀመሪያ መድኃኒቱን ነው የምጠይቀው። ስለዚህ የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ ይዛችሁ ኑ፣ ፌስታሉን እንዳለ።

ከዚያ አፍን፣ አፍንጫን፣ ጆሮንና የፊት ነርቮችን እናያለን። ቀጥሎ ዓይን አስጨፍነን አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ እየያዝን የተፈጨ ቡና ማሽተት። ከዚያ ምላስ ላይ በየተራ፣ መሃል ላይ አፍ እያስጉመጠመጥን፣ የስኳር ውኃ፣ የጨው ውኃ፣ ሎሚ፣ ስኳር የሌለው ቡና። ቡናው የማይሸተው ግን አራቱን በደንብ የሚለይ ከሆነ ችግሩ አፍንጫ ነው። የሚሸተው ሆኖ አራቱን የማይለይ ከሆነ ወደ ምላስ፣ ወደ ነርቭና ወደ ደም ምርመራ እንሄዳለን፦ የደም መጠን፣ ስኳር፣ ኩላሊት፣ ታይሮይድ፣ ከተገኘ ቢ-12፤ እንደ ሁኔታው ኤችአይቪ። ፖሊፕ ወይም ቆይቶ የማይለቅ የሽታ መጥፋት ሲሆን ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ወዳለበት ሆስፒታል እንልካለን። ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ የሚያስፈልገው ጥቂቱን ሰው ነው፤ ራሳችሁ ሄዳችሁ ገንዘባችሁን አታፍስሱ።

ፈጥናችሁ መምጣት ያለባችሁ ፊት ከተጣመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ ወይም እጅና እግር ከደከመ (ይህ ለደቂቃም አይቆይም)፣ ከጭንቅላት አደጋ በኋላ ከሆነ፣ አንዱ አፍንጫ ብቻ ተዘግቶ የሚደማ ከሆነ፣ ክብደት ከቀነሳችሁ፣ ውኃ ጥምና ሽንት ከበዛ፣ አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ከወጣ ነው።

እስኪመለስ ድረስ ቤት ውስጥ

ጨው አትጨምሩ። የጠፋው ሽታ ከሆነ ጨው አይመልሰውም፤ ግፊታችሁን ብቻ ይጨምራል። ይልቅ ሎሚና ትንሽ ሚጥሚጣ ሞክሩ፤ ጨጓራችሁ ከፈቀደ ማለቴ ነው። የተበላሸ ወተትና ያደረ ወጥ፣ የጋዝ ማፍሰስ፣ የሚቃጠል ነገር አይሸታችሁምና ሌላ ሰው ያሽትላችሁ።

ከጉንፋን ወይም ከኮቪድ በኋላ ለቀረ የሽታ መጥፋት ጥሩ ማስረጃ ያለው የቤት ሕክምና የሽታ ልምምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የጀርመኑ ሐኪም ቶማስ ሁመልና ባልደረቦቹ ያወጡት ነው። የተጠቀሙት አራት ሽታ ነበር፦ ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ። ባሕር ዛፉ ደጃችን ነው፣ ቅርንፉዱና ሎሚው ገበያ አለ፤ ጽጌረዳ ካጣችሁ ጤና አዳም ተኩበት። ጠዋትና ማታ እያንዳንዱን ለ10 ሰከንድ ያህል፣ ሽታውን በሐሳባችሁ እያስታወሳችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አሽትቱ። ቢያንስ 12 ሳምንት። በ3ኛው ቀን «አልሠራም» ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ! መሃል ላይ ቡናው የተቃጠለ ጎማ፣ ሽንኩርቱ የበሰበሰ ነገር ሊሸታችሁ ይችላል። ደስ አይልም፣ ግን ነርቩ እያገገመ የመሆኑ ምልክት ሊሆን ስለሚችል አታቋርጡ።

ጥያቄ ያላችሁ መቼ እንደጀመራችሁ፣ ቡና ይሸታችሁ እንደሆነና የምትወስዱትን መድኃኒት ጨምራችሁ ጻፉልኝ፤ እነዚህ ሦስቱ ከሌሉ መልሼ እነሱን ነው የምጠይቃችሁ።