ችሎት ያልቀረበው ምስክር

የወንጀል መዝገብ ስከፍት መጀመሪያ የማነበው ክሱን አይደለም፤ የምስክሮችን ዝርዝር ነው። ማን አየ? ከየት ሆኖ አየ? ችሎት ቀርቦ በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈተናል ወይ? ሦስተኛው ላይ ስደርስ ብዙ ጊዜ ኢላሪያ አልፒ ትዝ ትለኛለች።

ኢላሪያ የጣሊያኑ ራይ ትሬ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነበረች፤ ዐረብኛ ተምራለች፣ ሶማሊያ ደጋግማ ተመላልሳለች። መጋቢት 11 ቀን 1986 ዓ.ም. ከቦሳሶ በተመለሰችበት ዕለት፣ ሰሜን ሞቃዲሾ ውስጥ ከካሜራ ባለሙያው ከሚራን ህሮቫቲን ጋር መኪና ውስጥ እንዳሉ በጥይት ተገደሉ። ቦሳሶ የሄደችው በጣሊያን የልማት ዕርዳታ ለሶማሊያ ስለተሰጡ የዓሣ ማጥመጃ መርከቦች ለመጠየቅ ነበር። የጦር መሣሪያና የመርዛማ ቆሻሻ ንግድንም ትከታተል ነበር።

ሕዝቡ የጠረጠረው ትልልቆቹን ነው። አልፈርድበትም። የማስታወሻ ደብተሮቿ በከፊል የውኃ ሽታ ሆነው ቀሩ። አስከሬኗም በአግባቡ የተመረመረው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መቃብሯ ተከፍቶ ነው። ማስረጃ እንዲህ ሲያዝ ጥርጣሬ ባይኖር ነበር የሚገርመው።

የሕግ እጅ ያረፈው ግን ሐሺ ዑመር ሐሰን በሚባል ሶማሊያዊ ወጣት ላይ ነው። በ1990 ሮም የሄደው የጣሊያን ወታደሮች በሶማሊያውያን ላይ ስላደረሱት በደል ቃሉን ሊሰጥ ነበር፤ በዚያው ታሰረ። መጀመሪያ ነፃ ተባለ፣ በይግባኝ ተፈረደበት፣ በመጨረሻ 26 ዓመት ጸናበት። ዋናው ምስክር «ጄሌ» የሚባለው አሕመድ ዓሊ ራጌ፣ ለፖሊስ ቃሉን ሰጥቶ ተሰወረ። ቃሉ በወረቀት ቀረበ፤ እሱ አልቀረበም።

ወረቀት ላብ አያልበውም፣ ዓይኑን አይሰብርም፣ «የት ቆመህ አየህ?» ሲባል አይደናገርም። በሙያዬ ከዚህ የሚያስፈራኝ ነገር የለም። ገዳይ ይያዝልን የሚለው ጩኸት ሲበረታ፣ የተያዘው ሁሉ ገዳይ መምሰል ይጀምራል። የኢላሪያ እናት ሉቺያና ግን አልመሰላቸውም። ልጃቸውን ያጡት እናት ስለ ተፈረደበት ሰው ንጽሕና ቆመው ተከራከሩለት። በየችሎቱ በር የሟች ወላጆችን ስለማይ፣ ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ።

ጄሌ በ2007 እንግሊዝ አገር በጋዜጠኛ ተገኝቶ፣ ቃሉ ሐሰት እንደነበረ በቴሌቪዥን ተናገረ። ፖሊስ ያጣውን ሰው ጋዜጠኛ አገኘው! ሐሺ ጥቅምት 2009 ነፃ ተባለ፤ ሞቃዲሾ ተመልሶ በ2014 መኪናው ላይ በተጠመደ ፈንጂ ሞተ። ሉቺያናም የልጃቸውን ገዳይ ሳያውቁ በ2010 ዐርፈዋል።

ነገ ጠዋት ቀጠሮ አለኝ። ከዐቃቤ ሕግ ምስክሮች አንዱ በአድራሻው አልተገኘም፤ ለፖሊስ የሰጠው ቃል ይነበብልን መባሉ አይቀርም። መቃወሚያዬን ጽፌ ጨርሻለሁ።