መንገድም ሐቅ አለው



ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ ዳር ለሚቀመጡ ሰሐቦች የመንገድን ሐቅ እንዲጠብቁ ማዘዛቸውን ከመድረሳ ጀምሮ ተምረናል። ከሐቆቹ አንዱ ሌላውን አለማስቸገር ነው። የትራፊክ ኮርስ ስወስድ ይህ ሐዲስ ደጋግሞ ትዝ ይለኝ ነበር። በመጨናነቂያ ሰዓት መሐል ከተማ የሚገባ አሽከርካሪ ለነዳጁ ይከፍላል፤ ከኋላው ላሉት ሁሉ ለሚያባክንባቸው ደቂቃ ግን ምንም አይከፍልም። አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የሚሄደውም ሰው አብሮ ይዘገያል።

ይህን ለማስከፈል ሲንጋፖር በ1975 እ.ኤ.አ. ጀመረች፣ ለንደን በ2003 ተከተለች። ብዙ የሚያስተምረው ግን የስቶክሆልም ነው። ከተማዋ በ2006 ከጃንዋሪ እስከ ጁላይ ሙከራ አደረገች። በመግቢያዎቹ ላይ የተተከሉ ካሜራዎች ታርጋ ያነባሉ፤ መኪናው መቆም አያስፈልገውም። ክፍያው እንደ ሰዓቱ ከ10 እስከ 20 ክሮነር፣ በቀን ቢበዛ 60 ነበር፤ ማታና ቅዳሜና እሁድ ነፃ።

በመግቢያዎቹ የሚያልፈው መኪና በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ወረፋው ግን ከዚያም በላይ አጠረ። ለምን? የጁሙዓን ውዱእ ቦታ አስቡት። ቧንቧዎቹ በደቂቃ 10 ሰው ያስተናግዳሉ እንበል። በደቂቃ 12 ሰው ከመጣ በግማሽ ሰዓት 60 ሰው ይሰለፋል፣ መጨረሻ የመጣው 6 ደቂቃ ይጠብቃል። ከ12ቱ 2ቱ ቀደም ብለው ቢመጡ ሰልፉ ጨርሶ አይፈጠርም። መንገድም እንዲሁ ነው፤ ሁሉንም መኪና ማስቀረት አያስፈልግም።

«ታዲያ ሀብታሙ ከፍሎ ሊገባ፣ ድሃው ሊቀር ነው?» የሚል ጓደኛ አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ዙልም ሊሆንም ይችላል። ለእኔ ወሳኙ ነገር ቅደም ተከተሉ ነው፦ ስቶክሆልም አውቶቡስ የጨመረችው ክፍያው ከመጀመሩ ወራት በፊት፣ በኦገስት 2005 ነው። መኪናውን ትቶ ለሚወጣ ሰው መሳፈሪያ ነበረው። አዲስ አበባ ላይ ይህን የሚያስብ ካለ ከታክሲ ሰልፉ ይጀምር። ገቢው በኋላ በአብዛኛው ለአዲስ መንገድ ግንባታ እንዲውል መወሰኑን ግን አልወደድኩትም።

ከሙከራው በፊት አብዛኛው ነዋሪ ተቃዋሚ ነበር። ሙከራው ሲያበቃ መኪናው ተመልሶ በዛ። በሴፕቴምበር 2006 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ የከተማዋ ነዋሪዎች በጠባብ ልዩነት ደገፉት፤ ድምፅ በሰጡት የዙሪያ ከተሞች ግን ተቃዋሚው በለጠ። ክፍያው በኦገስት 2007 በቋሚነት ተመለሰ።