ንባብንና ማስተዋልን አንድ አድርጎ ስለ ማስተማር

ንባብ ማለት ፊደልን በአፍ ጠርቶ መጨረስ ብቻ አይደለም፤ የተጻፈውን ነገር በልብ ተቀብሎ ምን እንደሚል ለሌላ ማስረዳት ነው። በባሕር ዳር ዙሪያና በጣና ዳር ባሉ መንደሮች አንድ ልጅ ገጹን ሳይደናቀፍ ሲወርደው ወላጅ ደስ ይለዋል፤ አስተማሪም ያመሰግነዋል። ነገር ግን መጽሐፉ ተዘግቶ «ምን ይላል?» ተብሎ ሲጠየቅ ዝም የሚል ከሆነ ገና አላነበበም። እንዲህ ያለው ልጅ ከክፍል ወደ ክፍል ቢያልፍም የሒሳቡን ጥያቄ፥ በኋላም በመድኃኒት ዕቃ ላይ የተጻፈውን ትእዛዝና የውሉን ወረቀት ሌላ ሰው ካላስረዳው አያውቀውም።

የቤተ ክህነት ትምህርት ለንባብ ደረጃ አለው። ተማሪው ፊደል ከቈጠረ በኋላ በግዕዝ፥ በውርድና በቁም ንባብ እየተለማመደ ዳዊት ይደግማል። ምሥጢሩ የሚገለጥለት ግን ቅኔ ቤትና ትርጓሜ ቤት ሲገባ ነው። በጣና ደሴቶችና በዘጌ ገዳማት አካባቢ ያደጉ ሽማግሌዎች ይህን ያውቁታል፤ ዳዊት ደግሞ ወደ እርሻው የተመለሰ ብዙ ሰው ንባቡን እንጂ ትርጓሜውን ሳይዝ ቀርቷል። የመንደር ትምህርት ቤት ተማሪ ግን የሚያነበው አፉን በፈታበት በአማርኛ ስለ ሆነ፥ ንባብና ትርጓሜ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው ሊሄዱ ይገባል።

በ2002 ዓ.ም. በአማራ ክልልና በሌሎችም የኢትዮጵያ አካባቢዎች፥ በስድስት ቋንቋዎች፥ ከ13,000 የሚበልጡ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ልጆች በንባብ ተፈትነው ነበር። ልጁ ብቻውን ቀርቦ አጭር ታሪክ ለ60 ሴኮንድ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ቀጥሎም ስላነበበው ይጠየቃል። ከ2ኛ ክፍል ልጆች ብዙዎቹ አንዱን ጥያቄ እንኳ መመለስ አልቻሉም። ዳግመኛም ፈታኙ ራሱ ታሪክ እያነበበ ልጁን ይጠይቀው ነበር። ይህ ሁለተኛው ፈተና ለአስተማሪ እጅግ ይጠቅማል፤ ልጁ ሰምቶ የሚመልስ፥ አንብቦ ግን የማይመልስ እንደ ሆነ የጐደለው የፊደል ልምምድ ነው፤ ሰምቶም የማይመልስ እንደ ሆነ ግን የቃላት እውቀትና ነገርን የማስተዋል ልምድ ያንሰዋል።

በአማርኛ ጽሕፈት የሚጠብቀውና የሚላላው ፊደል ምልክት የለውም። «ዓሣው ይበላል» የሚለው ቃል «በ» እና «ላ» ላልተው ሲነበቡ ዓሣው ራሱ በላተኛ ነው፤ ጠብቀው ሲነበቡ ደግሞ ዓሣው ለሌላ ምግብ ነው። ከፊትና ከኋላ ያለውን ነገር ያላስተዋለ ልጅ በትክክል ሊጠራው አይችልም። ስለዚህ ማስተዋል ንባብ ካለቀ በኋላ የሚጨመር ሳይሆን ንባቡን ራሱን የሚያቀና ነው።

ለምሳሌ አስተማሪው ይህን በሰሌዳ ይጽፋል፦ «ዓሣ አጥማጁ በማለዳ ታንኳውን ወደ ሐይቁ ገፋ። ብርቱ ነፋስ ስለ ተነሣ ሳይርቅ ተመለሰ። ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ ነበርና ታንኳውን ፀሐይ ላይ አቆመው።» ከዚያም አራት ዓይነት ጥያቄ ያቀርባል። ፊተኛው መልሱ በግልጥ የተጻፈ ነው፦ ታንኳውን መቼ ገፋ? ሁለተኛው ምክንያትን ይጠይቃል፦ ስለ ምን ተመለሰ? ሦስተኛው የቃልን ፍች ይጠይቃል፦ ደንገል ውኃ ጠጣ ማለት ምንድር ነው? አራተኛው ያልተጻፈውን ከተጻፈው ያስገኛል፦ በዚያ ቀን ብዙ ዓሣ የያዘ ይመስላልን? ልጁ ከመለሰ በኋላ «ይህን ከየትኛው ቃል አገኘኸው?» ተብሎ ጣቱን በቃሉ ላይ እንዲያኖር ይደረጋል።

ለፈተና ማዘጋጀት ማለት ያለፈውን ዓመት ጥያቄና መልስ በቃል ማስያዝ አይደለም፤ ፈተናው ልጁ አይቶት የማያውቀውን ጽሑፍ ያመጣልና። ከፈተናው ሳምንት ይልቅ የየቀኑ ጥቂት ደቂቃ ይበልጣል። አስተማሪው በየጊዜው አዲስ አጭር ጽሑፍ ያቅርብ፤ ልጆቹ ከማንበባቸው በፊት ጥያቄውን እንዲያዩ፥ መልሱ ሲጠፋቸውም ወደ ጽሑፉ እንዲመለሱ ያስለምዳቸው። የተሳሳተውን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ማሳፈር አይገባም፤ ያፈረ ልጅ ማስተዋሉን ትቶ መገመት ይለምዳልና።

ሽማግሌዎችም በዚህ ሥራ ድርሻ አላቸው። ማታ በእሳት ዳር ተረት ነግረው ልጁን «ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለው ቢጠይቁት፥ ከትምህርት ቤት ሲመለስም «ስንት ገጽ አነበብህ?» ከማለት ይልቅ «ያነበብኸው ምን ይላል?» ቢሉት፥ ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ ለልጁ ንባብ አስተማሪ ይሆናል።