የወታደር ዓሣ በየዓመቱ ያድጋል

ወታደር የነበረ ሰው ሁለት ዐይነት ታሪክ አያጣም፤ አንዱ የሚነገር፥ ሁለተኛው የማይነገር ነው። የሚነገረውም አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቅ ነው።

በ1965 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ በሚሰፋው በጣና ዳር ሰፍረን ሳለን፥ በዕረፍት ቀን በደንገል ታንኳ እየወጣን ቀረሶና አምባዛ ማጥመድ ልማዳችን ነበር። አንድ ቀን ባልንጀራችን አንድ ክንድ የሚሆን አምባዛ ይዞ፥ ለነገ ወጥ ይሆናል ሲል በርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ከአልጋው ሥር አኖረው። አምባዛ ግን ከስንጥቡ ሌላ አየር የሚስብበት አካል ስላለው፥ ከውሃ ወጥቶም ብዙ ሰዓት በሕይወት ይቆያል። በእኩለ ሌሊት ጆንያው እየተንፏቀቀ ወደ በሩ ሲሄድ፥ ዘብ ጠባቂው «ቁም! ማን ነህ?» ብሎ ጮኸ። መልስ ባጣ ጊዜ ጥሩንባ ተነፋ፤ እኛም ግማሾቻችን ያለ ጫማ፥ ግማሾቻችን ያለ ሱሪ ጠመንጃ ይዘን ተሰለፍን።

ባልንጀራችን ይህን በተረከ ቁጥር ለዓሣው አንድ ስንዝር ይጨምርለት ነበር፤ በመጨረሻም ከታንኳው በለጠ። እርሱ ካረፈ ወዲህ ግን ዓሣው ማደጉን አቆመ። እኛም ያን ጊዜ፥ የተጨመረው ስንዝር ሁሉ ደስ ሊያሰኘን የሰጠን ስጦታ እንደ ነበረ ተረዳን።

እንግዲህ ልጆች ሆይ፥ በቤታችሁ አረጋዊ ወታደር ቢኖሩ ስለ ዓሣው ርዝመት አትከራከሩአቸው። ሥቃችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ፥ «አባባ፥ በዚያን ጊዜ ከእርስዎ ጋር እነማን ነበሩ?» ብላችሁ ጠይቁአቸው። ምናልባት ሁለተኛውን ታሪክ ይጀምሩላችሁ ይሆናል።