ያውቁ ኖሯል? ኮረብታ የሚጋርደው የዩኒቨርሲቲ ቴሌቪዥን

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ደቡብ ምሥራቅ፣ በአፓላቺያ ኮረብቶች መሃል፣ አቴንስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ደብሊው ኦ ዩ ቢ የተሰኘው የሕዝብ ቴሌቪዥኗ ባለቤት እ.ኤ.አ. በ1804 የተመሠረተው ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ጣቢያው ሥራ የጀመረው በ1963 ነው። አካባቢው ግን ለቴሌቪዥን ሞገድ አይመችም። ኮረብታው ስለሚጋርደው ሸለቆ ውስጥ ያለ ቤት ምስል በቀላሉ አይደርሰውም። ያንኑ ፕሮግራም የሚያስተላልፍ ሁለተኛ ማሰራጫም በካምብሪጅ ከተማ በኩል ተተክሏል።

ደስ የሚለው አርብ ማታ ነው! መኸር ሲገባ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ካሜራቸውን ተሸክመው በየገጠር ከተማው ይበተናሉ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን የአሜሪካ ፉትቦል ግጥሚያ ይቀርጻሉ። ጨዋታው እንዳለቀ ወደ ስቱዲዮ ይከንፋሉ፤ ቆራርጠው፣ አቀናብረው በዚያው ምሽት «ግሪዳየርን ግሎሪ» በሚለው ዝግጅታቸው ያቀርቡታል። ትልልቆቹ የንግድ ጣቢያዎች ለእነዚህ ሜዳዎች ብዙም ጊዜ የላቸውም።

በሐምሌ 2025 ግን የአሜሪካ ምክር ቤት እንዲህ ላሉ የሕዝብ ብሮድካስት ጣቢያዎች የተመደበውን የሁለት ዓመት 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰርዟል። ዱላው የሚከብደው ለጋሽ ተመልካችም ስፖንሰርም በሚያንስበት ገጠር ነው።